መርፌው ያልነካው ቦታ

አባቴ የሚታመሙት ቤት ውስጥ ነው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ይድናሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስሉ አድረው፣ በማግስቱ ዶክተሩ «እንዴት ነህ?» ሲላቸው «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ብለው እሱኑ መልሰው ጤናውን ይጠይቁታል። ከዚያ እጅ ነስተው ይወጣሉ። እኔ በንዴት እየጨስኩ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው እከተላቸዋለሁ። «ምነው ሳሉን አልነገሩትም?» ስላቸው፣ «ሰውየው ደክሞታል፤ ስንቱን በሽተኛ ሲያይ ውሎ እኔ ደግሞ ልጨምርበት?» ይሉኛል። ጉድ እኮ ነው! ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ለሐኪሙ ያዝናል?

ይህን የምናገረው ሳቅ ብዬ ነው። የዚያን እሑድ ግን አልሳቅኩም።

ኦሎምፒኩ ለንደን ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው፤ ዐቢይ ጾም ተጋምሷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሆሎዌይ ሰፈር ባለችው፣ ከመንግሥት በተከራየናት የካውንስል ቤታችን ውስጥ እኔና አባባ ብቻ ነን። አባባ እሑድ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ማኅሌት ይሄዳሉ። በሥራ ዘመናቸው የአውቶቡስ ጋራዥ ሲያጸዱ «ሴፍ» ነበር የሚባሉት፤ ሙሉ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ግን መሪጌታ ሰይፈሥላሴ ናቸው። የዚያን ቀን ጠዋት ስነቃ ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ አንድ እጃቸው መቋሚያው ላይ፣ ሌላው ግድግዳው ላይ ነው።

«አባባ፣ እስካሁን አልሄዱም?»

«እሄዳለሁ። ወገቤን ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነው።»

«እግርዎስ?»

«እሱም ትንሽ።»

«የትኛው?»

መሬት መሬት እያዩ «ሁለቱም» አሉ።

የወገባቸው ሕመም የቆየ ነው፤ ወደ ቀኝ እግራቸው እንደሚወርድም አውቃለሁ። ሁለቱንም እግር ሲይዝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። እኔ የፊዚዮሎጂ ተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ቢሆንም አንዳንድ ነገር ተምሬያለሁ።

«ሽንት ቤት ገብተዋል ዛሬ?»

«ጾም ነው እኮ! ውሃ ሳልቀምስ ምን አባቱ ይመጣል?» ብለው ተቆጡ።

«ትናንት ማታ ሻይ ደጋግመው ጠጥተዋል፤ እኔ ነኝ የቀዳሁልዎት!»

«አንቺ ልጅ፣ የኔን ሽንት ነው ስትቆጥሪ የምትውዪው?»

ለምኜም ተቆጥቼም ካፖርታቸውን አለበስኳቸው። መቋሚያውን እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ስለት እየተሳሉ ወረዱ። አውቶቡስ ይዘን ወደ ካምደን አቅጣጫ፣ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄድን።

ድንገተኛ ክፍሉ ገና በጠዋቱ ሞልቷል። ሁለት ወንበር አግኝቼ አንዱ ላይ ቦርሳዬን፣ ሌላው ላይ የቤት ቁልፌን ጣል አድርጌ ላስመዘግባቸው ሄድኩ። ስመለስ አባባ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ ግን የለም። ኪሴን ፈተሽኩ፣ ቦርሳዬን ዘረገፍኩ፣ ተንበርክኬ ከወንበሮቹ ሥር አየሁ።

«በደንብ ፈልጊ» አሉኝ። «ምን ዓይነት ዝርክርክ ልጅ ነሽ? ሰው የቤቱን ቁልፍ እንዲህ ይጥላል?»

«እስቲ ተነሡ አባባ።»

እያቃሰቱ ተነሡ። ቁልፉ ከሥራቸው ነበር። የኔ ቁልፍ ደግሞ እንዲሁ ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ ወፍራም የጠርሙስ መክፈቻ ተንጠልጥሎበታል። እኔ ብቀመጥበት ኖሮ ጮኼ ነበር የምነሣው። አባባ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ተመቻችተው ተቀምጠውበታል።

«ለካ እዚህ ነው!» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በላቦራቶሪ ክፍላችን የቆዳን ስሜት ስንለካ ነበር። ጓደኛዬ ዳናዊት ቁምጣ ለብሳ ጠረጴዛ ላይ ወጣች፤ እኛ በመርፌ ጫፍ እየነካካን በስክሪፕቶ ሰውነቷ ላይ መስመር አሰመርን። ቆዳችን በየቀበሌው የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ ነርቭ አለው፤ ነርቩም ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚገባበት የራሱ በር አለው። ከገቡ በኋላም ተራቸው አይፋለስም፤ በቆዳ ላይ ጎረቤት የነበሩት ኅብለ ሰረሰር ውስጥም ጎን ለጎን ናቸው። አንገት ከላይ፣ ከዚያ ክንድ፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጭን እያለ ይወርዳል። ሁላችንም የመጨረሻው የእግር ጣት ነው ብለን ነበር። ዳናዊትን በአራት እግሯ ስናቆማት ነው ነገሩ የገባን። የመጨረሻው ጣት አይደለም፤ ጭራ ቢኖረን ኖሮ ጭራችን የሚበቅልበት ቦታ ነው። ስንቀመጥ ወንበር የሚነካው ያ ቦታ፣ ከዝቅተኞቹ ነርቮች ጋር የሚገናኘው እሱ ነው።

እነዚያ ዝቅተኛ ነርቮች ደግሞ ሌላም ሥራ አላቸው፤ ሽንትና ሰገራን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሰው እግር ጣት ደህና ሆኖ መቀመጫው ከደነዘዘ፣ ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር እነዚያን ነርቮች አንቋቸዋል ማለት ነው። ቶሎ ካልተለቀቁ ይሞታሉ፤ ከሞቱ በኋላ ማንም አይመልሳቸውም። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሽንቱን መያዝ አይችልም።

ለሌላው ሰው ይህ ከባድ ሕመም ነው። ለአባባ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መቅረት ነው። ገላው ንጹሕ ያልሆነ ሰው ማኅሌት ውስጥ አይቆምም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ማንም ባይከለክላቸው ራሳቸውን ይከለክላሉ። አውቃቸዋለሁ። ያቺን ቦታ ካጡ የሚቀራቸው «ሴፍ» የሚለው ስም ብቻ ነው።

ተጠራን። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ዐይኗ በድካም ቀልቷል፣ አነጋገሯ ግን ለስላሳ ነው። በስልክ አስተርጓሚ ፈለገች፤ እሑድ ስለሆነ አማርኛ የሚችል ሰው አልተገኘም።

«ልጃቸው ነሽ? እንግዲያው አንቺ ትረጂኛለሽ» አለችኝ። «ሲጸዳዱ ብልታቸው አካባቢና መቀመጫቸው ላይ ንክኪው ይሰማቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

እስቲ ፍረዱኝ! ይህ ለአባት እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? በእንግሊዝኛ ቀላል ነው፤ ክፍል ውስጥ በየቀኑ እንለዋለን። በአማርኛ ግን አፌ ውስጥ ድንጋይ ሆነብኝ።

«አባባ... እ... ታችዎ ደህና ነው ወይ? ሲቀመጡ ምናምን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ማለቴ... ሲታጠቡ ይሰማዎታል ወይ?»

«ብፅዓት!» አሉ።

ስሜ እንደዚያ ከተጠራ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ የለም። ዶክተሯ ግን መልሱን ትጠብቃለች።

«ደህና ነኝ ይላሉ። ግን አትመኚያቸው» አልኳትና የቁልፉን ነገር፣ የሽንቱንም ነገር ነገርኳት።

ነገሩን አልናቀችውም። ጓንት አጥልቃ በጣት ልትመረምራቸው እንደሚያስፈልግ ስታስረዳቸው ግን አባባ ሳላስተረጉምላቸው ገባቸው። «ኖ፣ ኖ፣ ሲስተር! ኖ ፕሮብሌም!» ብለው ቀበቷቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በስንት ልመና በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ መደረጉን ብቻ ፈቀዱ፤ ያውም እኔ ከመጋረጃው ውጭ እንድቆም ነው። ወጣሁ።

«ዐይንህን ጨፍን። ሲሰማህ የስ በለኝ» ስትላቸው ሰማሁ። ይህችን ያህል እንግሊዝኛማ ያውቃሉ።

«እዚህስ?»

«የስ።»

«እዚህስ?»

«የስ።»

ከእግር ጣት ጀምራ ወደ ላይ እየመጣች እንደሆነ ድምፅዋ ያስታውቃል። አልጋው ላይ የተነጠፈው ወረቀት ይንኮሻኮሻል። በጎናቸው እንዲተኙ ስትጠይቃቸው አባባ አቃሰቱ።

«እዚህስ?»

«የስ።»

«እዚህስ?»

«የስ፣ ታንክ ዩ።»

ዶክተሯ መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ፊቷ ፈክቶ ነበር። «ስሜቱ በሁሉም ቦታ አለ» አለችኝ። «በጣም ደስ ይላል። የሕመም ማስታገሻ እሰጣቸዋለሁ። የሽንቱ ነገር ጾሙም ሊሆን ይችላል፤ ውሃ ይጠጡና ካልመጣ ተመልሳችሁ ኑ።» ዛሬ የጀርባ ፎቶ የሚነሣው አስቸኳይ ለሆነ ሰው ብቻ መሆኑንም ጨመረችልኝ።

እውነቴን ነው፣ ልደሰት ፈልጌ ነበር። አባባን ይዤ ቤቴ ገብቼ ሽሮዬን መሥራት ፈልጌ ነበር። ግን ያ «ታንክ ዩ» ጆሮዬ ላይ ተለጠፈ። በመርፌ የወጋቸውን ሰው ያመሰግናሉ? ያን «ታንክ ዩ» አውቀዋለሁ። ሳላቸውን ደብቀው የሚወጡበት ነው።

ያኔ ነው ነገሩ ወለል ብሎ የታየኝ። አባባ የሚመልሱት ለመርፌው አይደለም፤ ለጥያቄው ነው። አንዲት የደከመች ልጅ ጎንበስ ብላ «እዚህስ? እዚህስ?» ስትላቸው «የለም» ብለው ሊያሳፍሯት አይችሉም። ይሉኝታቸው አይፈቅድም።

«አንድ ጊዜ ድገሚው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ምርመራውን። አሁን ግን መርፌውን አታስነኪያቸው። እጅሽን አንሺና ጥያቄውን ብቻ ጠይቂያቸው።»

ግራ ተጋብታ አየችኝ። «በሽተኛን ማታለል ይሆንብኛል።»

«እያታለሉሽ ያሉት እሳቸው ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደንታም አልሰጠኝ። «እባክሽ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ትንሽ አመነታችና ተመልሳ ገባች። እኔ መጋረጃውን በጥርሴ ልይዘው ምንም አልቀረኝም።

«ዐይንህን ጨፍን። እዚህስ?»

«የስ» አሉ አባባ ወዲያው።

«እዚህስ?»

«የስ። ቬሪ ጉድ።»

ዶክተሯ ስትወጣ ያ የፈካ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አልነካኋቸውም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አባባ» አልኩ በመጋረጃው ላይ። «መርፌው አልነካዎትም።»

«ምን?»

«አሁን የስ ሲሉ መርፌው በእጇ ነበር። ገላዎትን አልነካችውም።»

«አሳፈርሽኝ» አሉ። «በሰው ልጅ ፊት አሳፈርሽኝ፣ ብፅዓት።»

«ይፈሩ!» አልኳቸው። ለአባቴ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ እንባዬ መጣ። «ዛሬ ይፈሩ! እናቴ ብትኖር እሷ ትጠይቅዎት ነበር፤ የለችም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁዎት። ሰገራና ሽንትዎን የሚይዙት ነርቮች እየታነቁ ነው፤ ዛሬ ካልተለቀቁ አይመለሱም። በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ መቀመጫዎ ይሰማዎታል ወይስ አይሰማዎትም?»

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ሰማይም አልተደፋ። የተቀየሙኝ መሰለኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ መናገር ጀመሩ።

«ልጅቷ አሳዘነችኝ» አሉ። «ስትለፋ የለም፣ የለም እያልኩ ልመልሳት?»

«አባባ፣ የጠየቅኩዎት እሱን አይደለም።»

«ከዓርብ ጀምሮ ስቀመጥ የሌላ ሰው ገላ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ስታጠብም እጄ ይሰማዋል፣ ገላዬ ግን አይሰማውም። ሽንቴም ሆዴን ወጥሮት አልመጣ አለ። ጾሙ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለማን ልንገር? ለሴት ልጄ? ሰውስ ሲያውቅብኝ፣ ከንግዲህ ማኅሌት በየት በኩል ገብቼ ልቆም ነው?»

ያሉትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ለዶክተሯ ነገርኳት። ገላ የሚለውን ገላ፣ መቀመጫ የሚለውን መቀመጫ ብዬ። የያዘችውን የማስታገሻ ማዘዣ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ስልክ አነሣች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ሩጫ ሆነ። ሆዳቸው ላይ መሣሪያ አድርገው ሲያዩ ፊኛቸው ሊፈነዳ ደርሷል፤ ቱቦ አስገብተው ሽንቱን አወጡላቸው። አባባ ቱቦው ሲገባ አልተሰማቸውም፤ ይኼን ጊዜ ግን አልዋሹም። ወደ ፎቶው ክፍል ገፏቸው። ከወገባቸው አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ አፈትልኮ ወጥቶ፣ ከኅብለ ሰረሰር ጫፍ እንደ ፈረስ ጭራ የሚወርዱትን ክሮች ተጭኗቸዋል። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ መጥቶ፣ አሁኑኑ እንደሚከፍታቸው ነገረን። ምን ያህሉ እንደሚመለስ ግን ቃል ልገባላችሁ አልችልም አለ።

አባባ አልጋው ላይ እንዳሉ መቋሚያቸውን ሰጡኝ። «መሬት ላይ እንዳታጋድሚው» አሉኝ። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገቡ ጀምሮ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ አላጋደምኩትም፤ ኮሪደሩ ላይ ተደግፌው ቆሜ ነበር።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለቀ። የእግራቸው ሕመም ወዲያው ለቀቃቸው። የቀረው ግን ገና አልታወቀም፤ ቱቦው አለ፣ መቀመጫቸውም ገና ድንዙዝ ነው። አባባ ስለዚህ ጉዳይ ከኔ ጋር አያወሩም፤ ቀኑን ሙሉ ዳዊታቸውን ይደግማሉ።

ቱቦው በሚወጣበት ጠዋት ያቺው ዶክተር መርፌዋን ይዛ ወደ ክፍሉ መጣች። አባባ ሲያዩዋት በአክብሮት ቀና ሊሉ ሞከሩ።

«አንቺ ከመጋረጃው ወዲያ ቁሚ» አሉኝ። «ዐይኔን እጨፍናለሁ። ልጅቷን ግን፣ ምንም ሳትጠይቀኝ ትንካኝ በያት።»

ነገርኳት። መቋሚያውን ይዤ ወጣሁ። አሁን «እዚህስ» የሚል የለም፤ ከውስጥ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«የስ» አሉ አባባ።

ትንሽ ቆይተው «የስ።»

ከዚያ ዝምታው ረዘመ። አልነካችም ይሆን፣ ወይስ ነክታ አልተሰማቸውም?

«ብፅዓት!»

«አቤት!»

«አሁን ነክታኛለች?»

ጠየቅኳት። «አዎ፣ ቀኝ በኩል፣ ጠበቅ አድርጌ» አለች።

«ነክታዎታለች፣ አባባ።»

«እንግዲያው ግራው ይሰማኛል፤ ቀኙ አይሰማኝም። ቀኝ መቀመጫዬ። ሳታለሳልሺ እንዳልኩሽ ንገሪያት።»

ሳላለሳልስ ነገርኳት። ቀኙ ነገ ይመለስ፣ ጨርሶ አይመለስ፣ እሷም አታውቅም። ነርሷ ቱቦውን አወጣችና ውሃ ጠጣ አለቻቸው። ጠጡ። በራሳቸው ካልመጣ ቱቦው ይመለሳል፤ ምናልባትም ለዘለቄታው።

ከቀትር በኋላ፣ ሽንት ቤት ልሂድ አሉ። ደግፌ በሩ ድረስ አደረስኳቸው። በሩን ዘጉ፤ ወዲያው ቧንቧ ሲከፍቱ ሰማሁ። እኔ እንዳልሰማ ነው! ውሃው ሿ ይላል፣ እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ የምሰማው የቧንቧውን ብቻ ነው። ወይ አባቴ! ብዬ ተናደድኩም፣ አለቀስኩም። ነርሷ መዝገቧን ይዛ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

ቧንቧው ተዘጋ። በሩ ተከፈተ። አባባ በላብ ርሰዋል፤ ግድግዳውን ይዘዋል።

«እህስ?» አልኩ።

«መጣ» አሉ።

እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ነርሷ ፊታቸውን አይታ ገና ሳልነግራት ፈገግ አለችና «ሁሉም ደህና? በደንብ መጣ?» አለቻቸው። ያ «ፋይን፣ ታንክ ዩ» ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ በዐይኔ አየሁት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ነርሷን አዩ፣ የፈገገ ፊቷን አዩ፣ ዋጥ አደረጉት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ትንሽ ነው» አሉኝ። «ያውም በስንት መከራ። ብዙ እንዳትያት። ትንሽ በያት።»

መቋሚያቸውን በእጃቸው ሰጠኋቸውና፣ «ትንሽ» አልኳት።